ሙሴ አልሄድም ያለበት ቤት

ስልኩ ሲጮህ አጅማን በምኖርበት ቢድ ስፔስ፣ ብዙ ሆነን አልጋ አልጋ በተከራየንበት ክፍል፣ አልጋዬን እያነጠፍኩ ነበር። ቁጥሩን አላውቀውም። ከአሠሪ ቤት ጠፍቶ የወጣ ሰው የማያውቀውን ቁጥር አያነሳም። እኔ ግን፣ እንጃ ምን እንደነካኝ፣ አነሳሁት።

"እህቴ፣" አለች አንዲት ሴት በሹክሹክታ። "ዱባይ፣ አል ባርሻ፣ ከማዳም ቤት የወጣሽው አንቺ ነሽ?"

ልዘጋው ጣቴን ስልኩ ላይ አሳረፍኩ።

"አትፍሪኝ፤ ቁጥርሽን ጎረቤት የምትሠራው ሐበሻ ናት የሰጠችኝ። ባንቺ ቦታ የገባሁት እኔ ነኝ። ማዳም ተኝታለች፣ ቶሎ ልንገርሽ። ትናንትም ጣራው ላይ አቆመችኝ።"

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ማዳም ስትቆጣ አትጮህም፣ እጇንም አታነሳም። ጫማሽን ታስወልቅሽና ወደ ጣራው ታስወጣሻለች፤ ከዚያ በሩን ከውስጥ ቆልፋ ሥራዋን ትቀጥላለች። የዚያ ጣራ ወለል ሴራሚክ ነው። በሐምሌ ቀትር ላይ ምን እንደሚሆን የሚያውቀው የቆመበት ብቻ ነው። አንዱን እግር ታነሺና ሌላውን ታሳርፊያለሽ፣ ያኛው ሲነድ ደግሞ ትቀይሪያለሽ፤ ትንሽ ቆይቶ መቀያየሩም ይደክምሻል። እኔ አንድ ቀን ጠዋት ቆሻሻ ልጥል ብዬ ወጥቼ በዚያው ቀረሁ። ፓስፖርቴ እዚያው ቀረ። ማዳም ጠፋች ብላ ስላመለከተችብኝ፣ ከዚያ ወዲህ ወረቀት የሌለኝ፣ ሰው ቤት እየዞርኩ በሰዓት የማጸዳ ሰው ነኝ።

"ምን ላድርግልሽ?" አልኳት።

"ነይና አነጋግሪልኝ። አንቺ ዐረብኛውን ታውቂያለሽ፣ ጠባይዋንም ታውቂዋለሽ። ወደ ኤጀንሲው ትመልሰኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። አገር ቤት ልጅ አለኝ፣ እህቴ።"

"ፖሊስ ጋ ልደውልልሽ?"

"ኧረ በማርያም! ፖሊስ ከመጣ ወርቄን ሰረቀች እላለሁ ብላኛለች። አንቺው ነይልኝ፣ ስለ እናትሽ ብለሽ!"

ስልኩ ተዘጋ።

አልሄድም አልኩ። ለማንም አይደለም፣ ለራሴ ነው ያልኩት። ሌላ ቤት ቢሆን ኖሮ ምናልባት እደፍር ነበር። ያንን ቤት በሕልሜ እንኳ ሳየው ላብ እያጠመቀኝ ነበር የምነሳው። ደግሞስ እኔ ማን ነኝ? ሄጄ ልናገርስ ብል ማን ይሰማኛል?

ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛ የወሎ ልጅ አለች። ሙስሊም ናት፤ ወረቀቷ የተሟላ፣ ሻርጃ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የምታጸዳ። ነገሩን ስነግራት ከአልጋዋ ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ባታነሺው ጥሩ ነበር፣" አለችኝ። "አንዴ ከሰማሽ በኋላ ግን አልሰማሁም አትዪም።"

"አልሄድም እኮ ነው የምልሽ።"

"ሂጂ አላልኩሽም። ግን ስልኩን ካነሳሽ ወዲህ እህል አልቀመስሽም፤ እንዲህ ሆነሽ አትዘልቂም።"

እሁድ እሁድ ሻርጃ፣ በአንዲት እህት ክፍል እንሰበሰባለን። የሚያስተምሩን አንድ ሽማግሌ ናቸው። በልጅነታቸው የአብነት ትምህርት የተማሩ፣ አሁን ዱባይ ማሪና የአንድ ረጅም ሕንፃ በር ጠባቂ። ከሥራ በቀጥታ ስለሚመጡ በጥበቃ ልብሳቸው ላይ ነጠላ ደርበው ነው የሚያነቡልን። ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። የዚያን እሁድ ብቻዬን ልትተወኝ ስላልፈለገች ወሎዬዋም ተከትላኝ መጣችና በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

የተነበበው ሙሴ የተጠራበት ታሪክ ነበር። ሙሴ ከፈርዖን አገር ሸሽቶ፣ አግብቶ፣ የአማቱን በጎች ሲጠብቅ፣ እሳት የማይበላውን ቁጥቋጦ ያያል። የኔታ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቁጥቋጦው የእመቤታችን ምሳሌ መሆኑን፣ እሳቱ መለኮት ሳያቃጥላት በማኅፀኗ ማደሩን ሲያስረዱ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ግን ወደ ኋላ ቀርቻለሁ። ጫማህን አውልቅ የሚለው ቦታ ላይ የእግሬ መዳፍ መንደድ ጀምሮ ነበር።

ሲጨርሱ፣ "የኔታ፣ ሙሴ አልሄድም ያለው ለምንድነው?" አልኳቸው።

"ትሕትና ነው፣ ልጄ። ታላላቆች ለሹመት አይቸኩሉም።"

"ደጋግሞ እምቢ ብሏል እኮ። ሌላ ሰው ላክ እስከማለት ደርሷል። ይሄ ትሕትና ነው ወይስ ፍርሃት?"

የኔታ መጽሐፉን አጠፉና፣ "አንድ ነገር አለ፣" አሉ። "የአይሁድ መምህራን ያቆዩት ነው፤ በእኛም ሊቃውንት ይተረካል። ሙሴ በፈርዖን ቤት ሲያድግ፣ ገና ሕፃን ሳለ የንጉሡን ዘውድ ነካ። ይህ ልጅ ወደፊት መንግሥትህን ይወስዳል ብለው ሊያስገድሉት ሲሉ እንፈትነው ተባለ። ወርቅና ፍም በፊቱ አኖሩለት። መልአኩ እጁን ወደ ፍሙ ገፋው፣ ልጁም አንስቶ ወደ አፉ ከተተው። ከሞት ተረፈ፣ ምላሱ ግን ተቃጠለ። ኮልታፋ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው ይላሉ።"

"እኛም ጋ አለ፣" አለች ወሎዬዋ ከበሩ ሥር። ሁሉም ዞሮ አያት፤ አፈር ብላ ቀጠለች። "ሙሳ ሲላክ፣ ጌታዬ ሆይ የምላሴን ቋጠሮ ፍታልኝ ብሎ ዱዓ አድርጓል።"

"እውነትሽን ነው፣ ልጄ፣" አሏት የኔታ።

እኔ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም። ምላሱ የተቃጠለው እዚያው ቤት ነው ማለት ነው። ሂድና ተናገር የተባለውም እዚያው ቤት ነው። አልችልም ሲል ታዲያ ትሕትና አልነበረም። በሌላ አገር፣ በሌላ ንጉሥ ፊት ቢሆን ምናልባት አፉ ይፈታለት ነበር። እንዴት አፌን ባቃጠለው ቤት ተናገር ትለኛለህ ማለቱ ነው እንጂ! ይህንን ለየኔታ ስነግራቸው ራሴን ዳሰሱኝና፣ "ምን ሆነሻል?" አሉኝ። ያኔ የስልኩን ነገር ነገርኳቸው።

"ሂጂ አልልሽም፣" አሉ በመጨረሻ። "ወረቀት የለሽም፣ ይይዙሻል። ቅሪም አልልሽም። እኔ ከአንቺ የባሰ ፈሪ ነኝ።"

"ሙሴን ሲልከው ሊገድሉህ የሚፈልጉት ሞተዋል ብሎታል፣ የኔታ። የእኔዋ በሕይወት አለች።"

በማግስቱ ሄድኩ። ደፍሬ አይደለም። ቤት መቀመጡ ከመሄዱ ስለባሰብኝ ነው። ወሎዬዋ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ አብራኝ መጣች። በአውቶቡስ ዱባይ ገባን፣ ከዚያ ሜትሮ ያዝን። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን በዐረብኛ እያጠናሁ ነበር፤ "ማዳም፣ ምንም አንጠይቅሽም፣ ለኤጀንሲው ብቻ መልሺያት።" ወሎዬዋ ስሳሳት ታርመኛለች። በሩ ላይ ስንደርስ እኔ አማተብኩ፣ እሷ ቢስሚላህ አለች፤ ደወሉን የተጫነችውም እሷ ናት።

ራሷ ማዳም ከፈተችው። አልደነገጠችም። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና፣ "ከሳሽ፣" አለችኝ። "ሹግል ፈልገሽ ነው? ሥራ አጣሽ?"

አፌን ከፈትኩ፤ ያጠናሁት ሁሉ በኖ ጠፋ። ምራቄ ደርቆ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ።

"ፀሐይ ላይ አትቁሚ፣ ይጎዳሻል፣" አለች ማዳም ለስለስ ባለ ድምፅ። "ወደ ጥላው ጠጋ በይ።"

"ሐዲር፣ ማዳም፣" አልኩና ተጠጋሁ።

እሺ ማዳም ነው ያልኩት። ያንን ሁሉ መንገድ ሄጄ ከአፌ የወጣችው ያቺው ቃል ብቻ ናት። ወሎዬዋ እጄን ጭብጥ አድርጋ ይዛ ወደ ፊት ወጣች።

"ማዳም፣ የመጣነው ለሷ አይደለም፣ አሁን ለያዝሻት ልጅ ነው። ለኤጀንሲው መልሺያት። አንቺም ሙስሊም ነሽ፣ እኔም ነኝ። ዋላሂ ይሄ በደል ነው፣ አላህን ፍሪ።"

ማዳም ፈገግ አለች። ወደ ውስጥ ዞራ ጠራቻት። ሴትዮዋ መጣች፤ እኔን የምታክል፣ ፊቷ የገረጣ፣ በዚያ ሙቀት ወፍራም ካልሲ ያደረገች ሴት። ካልሲውን አየሁት። ማዳምም ማየቴን አየች።

"እነዚህ ሰዎች በድለሻታል ይሉኛል። ሙሽኪላ፣ ችግር አለብሽ?"

"ማፊ ሙሽኪላ፣ ማዳም።"

"ማን በደለሽ?"

"ማንም፣ ማዳም።"

ከዚያ ዐይኗን ከመሬት ሳታነሳ በአማርኛ፣ "ሂዱልኝ፣" አለች። "ስለ ልጄ ብላችሁ ሂዱ።"

ማዳም ስልኳን አንስታ ፎቶ አነሳችኝ። "ኸላስ፣ በቃ፣" አለች። "ጠፍታ የሄደችው የት እንዳለች ቢጠይቁኝ አሁን የማሳየው አለኝ።" በሩን በቀስታ ዘጋችው።

ሜትሮው ጣቢያ ስንደርስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወሎዬዋ ታለቅሳለች፣ የእኔ ዕንባ ግን አልመጣም። ወደ ሴትዮዋ ስልክ ስደውል ዝግ ነው። በማግስቱም ዝግ፣ በሳምንቱም ዝግ። ጎረቤት የምትሠራዋ ሐበሻ፣ "ስልኳን ቀምታታለች፣" ብላ መልእክት ላከችልኝ። "እናንተ ከሄዳችሁ ወዲህ ቆሻሻ ለመጣልም አትወጣም። ጣራው ላይ በየቀኑ ነው የማያት። ምነው ባልመጣችሁ።"

ፎቶ መነሳቴን ሲሰሙ ቢድ ስፔሱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ፈሩ። አልፈርድባቸውም፤ ከመካከላቸው እንደኔ ወረቀት የሌላቸው ነበሩ። ፖሊስ ይዘሽብን እንዳትመጪ አሉኝ። ዕቃዬን በአንድ ፌስታል አድርጌ ሻርጃ፣ ያች የምንሰበሰብባት እህት ክፍል ውስጥ ወለል ላይ መተኛት ጀመርኩ። ሥራ መውጣት ፈራሁ። ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ያ ካልሲ ነው። ጸሎት ልጀምር ስል አባታችን ሆይ ብዬ ከዚያ አላልፍም።

በሚቀጥለው እሁድ የኔታን፣ "ሙሴ ከሄደ በኋላ ምን ሆነ? እሱን ያንብቡልኝ፣" አልኳቸው።

"የባሕሩን መከፈል?"

"የለም። ከዚያ በፊት ያለውን። ፈርዖን ፊት የቀረበ ጊዜ የሆነውን።"

እያመነቱ ገለጡት። ሙሴ ሕዝቤን ልቀቅ ይላል። ፈርዖን አይለቅም። ጭራሽ ለጡብ የሚሰጣቸውን ጭድ ይከለክላቸዋል፤ ጭዱን ራሳቸው ይልቀሙ፣ ጡቡ ግን እንዳይጎድል ይላል። ሕዝቡ ይገረፋል። አለቆቻቸው ሙሴን መንገድ ላይ ያገኙትና፣ አንተ ነህ ለሰይፍ የሰጠኸን ይሉታል። ሙሴ ወደ እግዚአብሔር ተመልሶ፣ ለምን ላክኸኝ? ከሄድኩ ወዲህ ይኸው ባሰባቸው፣ አንተም አላዳንካቸውም ይላል።

"እዚህ ላይ ያቁሙ፣" አልኳቸው።

"ልጄ፣ እዚህ አይቆምም። ቀጥሎ ተስፋው አለ።"

"ያንብቡት እንግዲህ።"

አነበቡት። እግዚአብሔር አወጣችኋለሁ ይላል፤ ሙሴም ለሕዝቡ ይነግራል፤ ሕዝቡ ግን ከመንፈሳቸው ጭንቀትና ከሥራቸው ክብደት የተነሳ አይሰሙትም። የኔታ እዚያ ሲደርሱ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ። በልጅነታቸው ይህንን ክፍል ስንት ጊዜ እንዳነበቡት፣ አንድም ቀን ግን እንዳላቆሙበት ነገሩኝ።

"እግዚአብሔር አልተቆጣቸውም፣ አያችሁ?" አልኩ። "ለምን አላመናችሁኝም አላላቸውም። የደከመ ሰው ተስፋም ቢነገረው አይሰማም፣ መጽሐፉ ያንን ያውቃል። ሙሴን ስታስተምሩን ቁጥቋጦው ላይ ትጀምሩና ባሕሩ ላይ ትጨርሳላችሁ። መካከሉን ማን ያስተምረን? እኔ ያለሁት መካከሉ ላይ ነው። ያች ሴትዮም ጣራው ላይ ናት።"

የኔታ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። እኔ አልተጽናናሁም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የምጸልየው ነገር አገኘሁ፤ ለምን ላክኸኝ የሚለውን። ቃሉ መጽሐፍ ውስጥ ስላለ እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝም ብዬ፣ ወለሉን ስወለውል፣ ልብስ ሳሰጣ፣ እሱኑ እልለታለሁ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከኢትዮጵያ ቁጥር ተደወለልኝ። እሷ ናት።

"አገሬ ገባሁ፣" አለችኝ።

"እንዴት አድርገሽ?"

"የእግሬ ቁስል አልድን ሲል መሥራት አልቻልኩም፤ ወደ ኤጀንሲው መለሰችኝ። እነሱ አጅማን አንድ ክፍል ውስጥ ቆልፈው አቆዩኝና መልሰው ላኩኝ።"

"አሁንስ ትሄጃለሽ? ማለቴ፣ መቆም..."

"እቆማለሁ። ዝግ ጫማ ነው የማልችለው።"

ምን ልበላት? "ከመጣን በኋላ ብሶብሽ እንደነበር ሰምቻለሁ፣" አልኳት።

"አዎ፣ ባሰብኝ። ለምን መጣሽ ብዬ ረግሜሻለሁ፣ እውነቱን ልንገርሽ። በእኔ ቃል መጥተሽ እኮ ነው፤ ጠርቼሽ ረገምኩሽ።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና፣ "ግን ባትመጪ ኖሮ ደግሞ..." አለችና ተወችው።

ስለ ልጇ ጠየቅኳት። ትታው ስትሄድ ገና ይድህ የነበረው አሁን እየሮጠ ነው አለችኝ፤ እናቷን እማዬ፣ እሷን አክስቴ እያለ ይጠራታል።

"ይለምድሻል፣" አልኳት።

"እስኪ፣" አለች።

በቦታዋ ሌላ ሴት እንደገባች ጎረቤት ያለችው ሐበሻ እንደነገረቻት ጨመረችልኝ። ከየት እንደመጣች አታውቅም። ከዚያ ካርዷ ሊያልቅ መሆኑን ነግራኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ ሳትል፣ ደህና ሁኚ ብላ ዘጋች። ፈርቼ ያቆምኩትን ሥራ እንደገና ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የማጸዳው ቤት ነበረኝ። ሻሼን አስሬ፣ ሻርጃ አውቶቡስ ማቆሚያው ጥላ ሥር ቆሜ ጠበቅሁ።