ቶሎሳ ያሳለፈው ቃል

ጊዜው ጥቅምት አጋማሽ ነው፤ ገብሱ አሽቷል። ዛሬ ጉለሌ ቁጭ ብዬ ስታዩኝ የከተማ ሰው እመስላችኋለሁ እንጂ፣ ልጆቼ፣ ያኔ ከእንጦጦ ጀርባ አራሽ ነበርኩ። ከርከሮ እየወረደ ማሳችንን አላስቀምጥ ቢለን፣ ከጓደኛዬ ከደምሴ ጋር ጦራችንን ይዘን፣ ውሻዬን አስከትለን በማለዳ ወጣን።

ጤዛው ላይ ዱካው ቁልጭ ብሎ ይታያል። የቆፈረው አፈር እንኳ ገና አልደረቀም። ነፋሱ ከፊታችን ስለሚነፍስ አያሸተንም ብለን ወደ ገደሉ ወረድን። ሞባይል ኪሳችን ውስጥ አለ፤ እዚያ ገደል ግን ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም።

የሰፈራችን ስልክ ጥሪ ነበር። አንዱ ጉብታ ላይ ወጥቶ ድምፁን እየሳበ ይጣራል፤ ማዶ ያለው «ሰማሁ» ይልና ፊቱን አዙሮ ለሚቀጥለው ያሳልፋል። የሰማኸውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነው ታዲያ። መካከለኛው ጉብታ ላይ የሚኖረው ቶሎሳ ነው። እኔና እሱ ያኔ በማሳ ድንበር ተኳርፈን ሰላምታ ካቆምን ቆይተን ነበር።

ውሻው ቁጥቋጦው ጋ ደርሶ አጉረመረመ። እኔ ከፊት ስጠብቀው ከርከሮው ከጎን ወጣ። ጦሬን ወረወርኩ፤ ትከሻውን ጭሮት አለፈ። በክራንቻው ጭኔን ዘርጥጦ ጣለኝና ጭንቅላቴ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። ከዚያ በኋላ የማውቀው የነገሩኝን ነው።

ውሻዬ ተናንቆ አባረረልኝ። ደምሴ ቢጠራኝ መልስ የለም፤ ደሙን ሲያይ ተደናግጦ ሽቅብ ሮጠና ተጣራ፦ «ከርከሮ ገደለው! ድረሱ!»

ቶሎሳ ሰማ። ከእሱ ማዶ፣ ማሳችን ላይ፣ ባለቤቴ አስካለ ነበረች። ፊቱን ወደሷ አዙሮ እንዲህ ሲል አሳለፈ፦ «ባልሽ ቆስሏል! ቃሬዛ ይዛችሁ ድረሱ!»

ከዚያ ራሱ ወደ ገደሉ ወረደ። ዓይኔን ስገልጥ ጭኔን በነጠላው ጥብቅ አድርጎ እያሰረ ነው።

«ቶሎሳ ነኝ» አለኝ፤ ድምፁን የረሳሁት መስሎት ይሆናል። «እግርህን አታንቀሳቅስ።»

አስካለ የጠራችው ሰው ቃሬዛ ይዞ ደረሰ። ተሸክመው አስፋልት አወጡኝ፤ ከዚያ በመኪና ጳውሎስ ሆስፒታል። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ...» ብሎ ቁስሌን መስፋት ጀመረ።

ደምሴ ምን ብሎ እንደተጣራ የነገረኝ ሆስፒታል ተኝቼ ነው። ቶሎሳ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ጠየቅሁት።

«ሞተ ሲሉህ ሰምተህ ለምን ቆስሏል አልክ?»

ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «አስካለ ብቻዋን ነበረች» አለኝ። «ያን ቃል ከኔ አፍ እንድትሰማው አልፈለግሁም። ደግሞስ ለሞተ ሰው ማን ይሮጣል?»

ከተማ ብገባም መሬቱ እዚያው ስላለ ድንበሩ እስከ ዛሬ ያከራክረናል፤ ግን አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠን ነው የምንከራከረው።

አሁን ክፉ ወሬ በስልክ ሲደርሰኝ ወዲያው አላሳልፍም። የሚሰማው ማን እንደሆነ፣ አጠገቡ ሰው መኖር አለመኖሩን አስባለሁ። ከዚያ ነው የምደውለው።