ስህተት የማይጠፋበት ሰሌዳ

ጅዳ ውስጥ የሀገሬ ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ቁጡ ነኝ፤ ልጆቹም ያውቁታል። ክፍሌ ውስጥ አንድ ሕግ አለ፦ የተሳሳተ መልስ ከሰሌዳ ላይ አይጠፋም። የጻፈው ልጅ ራሱ የቱ ጋ እንደሳተ እስኪያገኘው ድረስ እዚያው ይቆያል። በዕድሜም በአገልግሎትም የሚበልጠኝ የፊዚክስ መምህር በዚህ ይስቅብኛል። «ጭንቅላት ከላይ የሚሰጥ ነው፤ አንቺ ውሃ ትወቅጫለሽ» ይለኛል። እሱ ደወል ሲደወል ወጥቶ ይሄዳል፤ የሚቆጨው ነገር የለም። እኔ ግን ልጅ ይለወጣል ብዬ ካላመንኩ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ የምለፈልፍበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ ቀን ልጆቹ ከወጡ በኋላ እኔና የፊዚክስ መምህሩ ክፍል ውስጥ ፈተና ስናርም፣ አንድ አባት ሴት ልጁን አስከትሎ ገባ። ወሎዬ ነው። መካ፣ መንሱር የሚባለው ሰፈር የሕንፃ ዘበኛ ሆኖ ይሠራል፤ ቤተሰቡ እዚህ ጅዳ፣ ኑዝላ ሰፈር ነው። ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ ናት፤ ባለፈው ሴሚስተር ሒሳብ ወድቃለች።

«መምህርት፣ አላህ ያክብርዎትና አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ ሳይቀመጥ። «መካ፣ ዛሂር ሰፈር ያለች አንዲት ማዳም ልጆች የምትይዝላት ትፈልጋለች። ዛሬ ቁርጡን ንገረኝ ብላኛለች። ይቺ ልጅ ትምህርቱ የሚገባት ከሆነ ትማር። የማይገባት ከሆነ ግን፣ ወላሂ፣ በከንቱ ከምትደክም ትሥራ። እውነቱን ይንገሩኝ።»

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ወለሉን ታያለች።

«እንግዲህ ሁሉም ልጅ ለትምህርት አይፈጠርም» አለ ባልደረባዬ ቀስ ብሎ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ያመነበትን ነው የተናገረው። የኔ ደም ግን ፈላ። «ይገባታል» ብዬ ብነግረው፣ አባትየው ውጤቷን ስላየ አያምነኝም። በንዴት ማርከሩን አቀበልኳትና ግማሽና ሲሶን ደምሪ አልኳት። ወዲያው ተጸጸትኩ። ብትሳሳት በገዛ እጄ ማዳም ቤት ሰደድኳት ማለት ነው።

ተሳሳተች። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምራ ሁለት አምስተኛ ብላ ጻፈች። አባትየው ፊቴን አይቶ ገባው መሰለኝ፣ «ኸላስ፣ በቃ» አለና ለማዳሟ ሊደውል ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ባልደረባዬ ልጅቷ እንዳታፍር ብሎ ዳስተሩን አንስቶ ወደ ሰሌዳው ተጠጋ።

«ቲቸር፣ አያጥፉት!»

ጮክ ብላ ስለተናገረች ሁላችንም ደነገጥን። አባቷ «አንቺ!» ብሎ ተቆጣት። እሷ ዓይኗን ከሰሌዳው አልነቀለችም።

«ሁለት አምስተኛ እኮ ከግማሽ ያንሳል» አለች። «ግማሽ ላይ ጨምሬበት እንዴት ያንሳል? የሆነ ቦታ ስቻለሁ።»

«የቱ ጋ?» አልኳት።

«እንጃ። ትንሽ ይቆዩኝ።»

ከሥሩ ሌላ ነገር ጻፈች። እሱም ልክ አልነበረም። ሰርዛ ሌላ ጀመረች። ባልደረባዬ ዳስተሩን ይዞ ቆሞ ቀረ። አባትየው ወደ እኔ ጠጋ አለና «አሁንስ አገኘችው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አላገኘችውም» አልኩት። መዋሸት አቃተኝ።

«ታዲያ እንዴት አትፈራም?» አለ። «እኔ ከፊሌ፣ አሠሪዬ ፊት ስሳሳት የምገባበት ይጠፋኛል። ይቺ ልጅ ሦስት ትልልቅ ሰው ቆሞ እያያት፣ እንዴት አትፈራም?»

ይህን እንዳለ ስልኩ ጠራ። ማዳሟ ናት። አዳመጣትና በተሰባበረ ዓረብኛው ሌላ ሰው ፈልጊ፣ የኔ ልጅ ገና አልጨረሰችም አላት።

እንባዬ መጣ፤ ዞር ብዬ ጠረግኩት። ልጅቷ የሰማችም አልመሰለኝም። ጀርባዋን ሰጥታን ታህቶቹን እያየች ለብቻዋ ታጉረመርም ነበር።