ከአየር የቀለለ እንጨት

ባለፈው ቅዳሜ ቀራንዮ አንድ ማር ቤት ገባሁ። ሻጩ ወጣት ጠርሙስ ሞልቶ፣ "ይኸው እናቴ፣ አንድ ሊትር ያው አንድ ኪሎ ነው" ሲለኝ ሳቄ መጣ።

"እሱ ውሃ ነው ልጄ። ማር ይከብዳል፤ ሊትሩ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ግድም ይሆናል" አልኩት። ይህን ስል ይታይሽ ትዝ አለችኝ።

ይታይሽ የአክስቴ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞቱ ከጎጃም መጥታ ኮልፌ እኛ ቤት መኖር ጀመረች። አንድ ዴስክ፣ አንድ አልጋ ተካፈልን። ይህ አልከበደኝም። የከበደኝ አባባን መካፈል ነበር።

አባባ አጠና ተራ አጠገብ የማርና የቅቤ ሱቅ ነበራቸው። ጥቅምት ነው፤ የኮልፌ ጭቃ መድረቅ የሚጀምርበት፣ አዲስ ማር ከየገጠሩ የሚገባበት ጊዜ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ አንድ ነጋዴ ባለሃያ ሊትር ጀሪካን ሙሉ ማር አምጥቶ ንጹሕ ነው እያለ ይምላል። አባባ በጣታቸው እየቀመሱ ያመነታሉ።

"አጎቴ፣ ስንት ኪሎ መዘነ?" አለች ይታይሽ።

"የጀሪካኑ ተቀንሶ ሃያ አምስት።"

"ሃያ ሊትር ንጹሕ ማር እኮ ሃያ ስምንት ኪሎ ይሆናል። ውሃ ገብቶበታል።"

ነጋዴው እያጉረመረመ ጀሪካኑን ተሸክሞ ሄደ። አባባ ግንባሯን ሳሟት። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ የእህታቸውን ልጅ ጉብዝና ሲያወሩ አመሹ። ስለ እፍጋት፣ ክብደትን ለይዘት ስለማካፈል፣ ከዚያ ሁለት ቀን በፊት ያስጠናኋት እኔ ነበርኩ። የማርን ቁጥር ከመጽሐፉ ሠንጠረዥ በቃሌ የያዝኩትም እኔ። ግን የያዝኩት ለፈተና ነው፤ በአባባ ሚዛን ላይ ይሠራል ብዬ አስቤው አላውቅም። እራት ላይ አባባ እሷን ሲያጎርሱ አይቼ፣ ጠግቤአለሁ ብዬ ተነሳሁ።

በማግስቱ የፊዚክስ ፈተና ነበረን። መንገድ ላይ ይታይሽ፣ "ሴንቲሜትር ኩብን ወደ ሜትር ኩብ ስቀይር ለመቶ ነው የማካፍለው አይደል?" አለችኝ።

ለሚሊዮን መሆኑን አውቃለሁ። "አዎ፣ ለመቶ" አልኳት። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ቃሌን ለማረም ጊዜ ነበረኝ። ስለ ጫማዋ ጭቃ አወራኋት።

መምህሩ ወረቀት ሲመልሱ የእሷን ከፍ አድርገው ያዙ። "ይታይሽ፣ አንቺ ያሰላሽው እንጨት ከአየር ይቀላል! ብትለቂው ይበራል" አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሷ አላለቀሰችም። የእኔን ወረቀት ከዴስኩ ላይ ስባ አየችው። ለሚሊዮን ተካፍሎ ስምንት መቶ ይላል፤ በቀይ ራይት ተደርጎበታል። መልሳ አስቀመጠችው። ቤት ገብተን አባባ ሲጠይቋት፣ "ተሳሳትኩ፣ አጎቴ" ብቻ አለች። የዚያን ዕለት ጉርሻው ለእኔ ነበር። አልጣመኝም።

ይታይሽ ዛሬ አስኮ ትኖራለች፤ የልጅ ልጅ አይታለች። ከማር ቤቱ ወጥቼ ደወልኩላትና ያን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳሁት።

"ወረቀትሽን እኮ አይቼው ነበር" አለችኝ እየሳቀች።

"ታዲያ ለምን ለአባባ አልነገርሽም?"

"ይገርፉሽ ነበራ!"

ስልኩን ዘግቼ ፌርማታው ላይ ቆምኩ። ለካ ይቅር ያለችኝ በዚያው ቀን ኖሯል፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመቷ። እኔ በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ልብ አልነበረኝም፤ አሁንም እንዳለኝ እንጃ። እፎይ ማለት ሲገባኝ፣ በዚህ እድሜዬ እንደገና ቀናሁባት።