የገነቴ ልጅ የምታወራው

ገነቴ ቁጭ ብላ ትዝ ብላኝ አታውቅም። እንሰት ስትፍቅ እንኳ እግሯ መፋቂያው ሳንቃ ላይ፣ ጆሮዋ አጥሩ ላይ ነበር። ሆሳዕና ዳር አጥር ለአጥር ጎረቤቴ ነበረች፤ ባሏ ሞቶባት ቆጮ እየሸጠች ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት። ትልቁ ኤሊያስ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ትንሿ ጵርስቅላ አምስት አልሞላትም።

ዘመኑ ብሔራዊ ውትድርና ብለው ጎረምሳውን ከገበያ፣ ከትምህርት ቤት ደጃፍ የሚያፍሱበት ነው። ኤሊያስን ፈልገው ሲመጡ ገነቴ "ዱራሜ አጎቱ ጋ ሄዷል" ትላለች። የት ሄዶ! ጓሮ ነበር።

በእኛ አገር እንሰት የሚፋቅበት ቦታ ወንድ አይደርስም፤ ነውር ነው። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥቶ የቀረ ሰው ቢሆንም፣ እኔ እዚሁ ስላደግሁ ነውሩን እንደ ራሴ አውቀዋለሁ። ገነቴ ልጇን የደበቀችው እዚያው መፋቂያው ጥግ፣ የደረቀ ኮባ ክምር ሥር ነው። ልጁም እፍረት ይዞት ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ነበር የሚተኛው። የቀበሌው ጥበቃ ሀብቴ ለፍተሻ ሲመጣ ቤቱን ያገላብጥና ጓሮው ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል።

"እዚያ ናችሁ?" ብሎ ይጣራል።

"አለን፣ ና አግዘን!" እንለዋለን። እየሳቀ ይመለሳል።

የምንፈራው ጵርስቅላን ነበር፤ አፏ አያርፍም። "ትናንት ጅብ መጥቶ ከእኔ ጋር ወተት ጠጣ" ትላለች። በምን ጠጣ ስትባል፣ "በቀይዋ ቅል ነዋ! ከዚያ አፉን በነጠላ ጠረገ። ሚስቱ ስለታመመች ቶሎ ሄደ።" ጠይቀሽ አትጨርሻትም።

አንድ ቀን ግን "ጥጃዋ ጉድጓድ ገባች" ብላ መጣች። የትኛው ጉድጓድ? "አላውቅም።" ማን ከተታት? "አላውቅም።" ገነቴ "ሂጂ ወዲያ" አለቻት። ጥጃዋ ድሮ ቆጮ ይቀበርበት ከነበረው ጉድጓድ ሞታ ወጣች። ገነቴ አልቅሳ ሲወጣላት እንዲህ አለችኝ፦ "አሰገደች፣ ይቺ ልጅ ስትፈጥር የማታውቀው ነገር የለም። ያየችውን ስታወራ ነው አላውቅም የምትለው።"

ከዚያ በኋላ በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ ኤሊያስ ቁርስ ሊበላ ቤት ገብቶ፣ እኔና ገነቴ ከጎረቤታችን ከሂሩት ጋር ሳንቃ እናስተካክላለን። ጵርስቅላ መጥታ እናቷ አጠገብ ቆመች።

"እማዬ፣ ቅድም ሰውዬ እዚህ ገብቶ ነበር።"

ሂሩት በሳቅ ፈረሰች። "ወንድ? መፋቂያ? ጅቡ ይሆናላ! ወይስ የጅቡ አማች?"

"ሰውዬ ነው። ኮባውን በእንጨት ነካካው።"

"ምን ለብሶ ነበር?" አለች ገነቴ።

"አላውቅም።"

"ወዴት ሄደ?"

"አላውቅም አልኩሽ እኮ!" ልታለቅስ ደረሰች።

ገነቴ ብድግ አለች። ሂሩት አሁንም ትስቃለች። "አንቺ ደግሞ! የእኛ ወንድ እዚህ ይገባል?"

"የእኛ ነው ያለሽ ማነው? ቀበሌው ከሌላ ክፍለ ሀገር አዲስ ጥበቃ አልመጣለትም? ለእሱ ይሄ ጓሮ ነው፣ ሌላ ምን ነው!"

ያን ጊዜ ሳቁ ጠፋ። ነውራችንን የማያውቅ ሰው ይመጣል ብለን ማናችንም አላሰብንም።

ገነቴ ኤሊያስን የራሷን ቀሚስ አለበሰችው፤ ሻሽ አሰረችለት፤ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ጀርባው ላይ ጫነችበት።

"ጎንበስ በል! ቆጮ የተሸከመች ሴት ቀና ብላ ስትሄድ አይተህ ታውቃለህ?"

"እማዬ፣ ልታሰድቢኝ ነው።"

"ተሰደብ! ተሰድበህ ኑርልኝ።"

እሷም የራሷን ተሸክማ አንጋጫ ወደሚሄደው የጭነት መኪና ይዛው ወጣች። ጵርስቅላን ለእኔ ተወችልኝ። እኔ እሳት እንደረገጠ ሰው ከበር ጓሮ፣ ከጓሮ በር እላለሁ። ብዙም ሳይቆዩ ሀብቴና አዲሱ ጥበቃ ወንዳፈረው መጡ። ወንዳፈረው ቀጥ ብሎ መፋቂያው ገባ። ሀብቴ እፍረት ይዞት ውጭ ቀረ፤ መሬት መሬት ያያል። ከኮባው ሥር ብርድ ልብስ ተገኘ።

ወንዳፈረው ከጵርስቅላ ፊት ቁጢጥ ብሎ ከረሜላ ሰጣት። "ወንድምሽ የት አለ?"

"ሴት ሆነ" አለች። "የእማዬን ቀሚስ ለብሶ፣ ቆጮ ተሸክሞ ሄደ።"

ሀብቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እቺን ነው የምትጠይቃት? ጅብ በነጠላ አፉን ጠረገ ያለችኝ እኮ እቺው ናት!"

ወንዳፈረው ወደ እኔ ዞረ። "ምንድን ነው የምትለው?"

"ልጅ አይደለች እንዴ፣ ጓድ" አልኩ።

ሄዱ። ሀብቴ የሳቀው አምኗት ይሁን ሳያምናት፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ገነቴ ስትመለስ የሆነውን ነገርኳት። ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና፣ "ከእንግዲህ ማንም ቢጠይቅሽ፣ ወንድም የለኝም በይ" አለቻት።

"አለኝ እኮ።"

"የለሽም!"

በየጠዋቱ ልጅቷ ደጅ ከመውጣቷ በፊት ይህንኑ ታስደግማት ነበር። ኤሊያስ ደህና እንደሆነ ከአንጋጫ፣ በኋላም ከዱራሜ በሰው በሰው ይሰማል። ጅቡ ግን ወተት መጠጣቱን ተወ። ልጅቷ ምንም ብትጠየቅ "አላውቅም" ሆነ መልሷ። ገነቴን ይሄ እንቅልፍ ነሳት። "አሰገደች፣ እውነቱ በምን ይታወቀኝ? አሁን ሁሉም አላውቅም ነው" ትለኝ ነበር።

በ83 ደርግ ወድቆ ሰኔ ላይ ኤሊያስ መጣ፤ ጢም አብቅሎ፣ ከስቶ። በሩ ላይ ያገኘችው ጵርስቅላ ናት።

"ጵርስቅላ! ወንድምሽ ነኝ እኮ።"

"ወንድም የለኝም" ብላ በሩን ዘጋችበት።

ገነቴ ድምፁን ሰምታ ከጓሮ በሩጫ ደረሰች። ልጇን አቅፋ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ደግሞ አለቀሰች። ትንሿ ከግድግዳው ተለጥፋ ታያቸዋለች። ገነቴ ፊቷ ተንበረከከች።

"በይ አሁን እውነቱን ተናገሪ፣ የኔ እናት። ይሄ ማነው?"

ጵርስቅላ እናቷን አየች፤ ሰውየውን አየች፤ እኔንም አየችኝ።

"የቱን ልበል?" አለች።