«በዪው» ስንባባል የተሸነፍንበት ቀን

ሞባይል ጠጋኙ ዘንድ ቁጭ ብዬ ስልኬን ስጠብቅ፣ ሽቦ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ አፍንጫዬ ገባና እርር ድብን አልሁ። በሌላ በማንም አይደለም፣ በራሴ ነው። ይገርምሃል፣ ስንት ዓመቱ!

መርሳ ከተማ አሥረኛ ክፍል ሳለን ሦስት ሆነን አንዲት ሮቦት ሠራን፤ በአሮጌ የመጫወቻ መኪና ጎማ የምትሽከረከር፣ ጥቁር መስመር ተከትላ የምትሄድ ትንሽ ነገር። እኔ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ እና ግራና ከምትባል ትንሽ ከተማ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ። ጭንቅላቱ የእሷ ነበር። ወልድያ ላይ በሚደረገው የሮቦት ውድድር ያሸነፈ ክረምቱን ባሕር ዳር ይሠለጥናል ስለተባለ፣ አባቷን ለምና አስፈቅዳ ልብሷን ሳይቀር አጥባ ጠብቃለች።

ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው እኔ ያሰርሁትን ጎማ የጎረቤቴ ልጅ ሳይነግረኝ ፈታው። ተኮራረፍን። የእኛን አገር ኩርፊያ ታውቀው የለ፤ አጠገቤ ቆሞ ሳለ «ባትሪውን ያጥብቀው በዪው» እላታለሁ። እሱም «ሰምቻለሁ በዪው» ይላታል። መምህራችን በአንድ ለአምስት ስብሰባ ገምግመው አስታረቁን፤ ተጨባበጥን እንጂ አልተያየንም። እሷ «ወላሂ፣ ሁለታችሁም ሕፃን ናችሁ!» እያለች መላላኳን ቀጠለች።

ሕጉ ቀላል ነበር። ሮቦቷ ከተነሳች በኋላ ለዳኛው «ይቁም» ሳይሉ መንካት ነጥብ ያስቀንሳል። የመወዳደሪያውን ሜዳ ከከበበው ገመድ ውጭ ያለ የቡድኑ ሰው ከተናገረም እንዲሁ። ከየቡድኑ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚገባው፤ ስማችን ከኩርፊያው በፊት ተልኮ ስለነበር እኔና እሱ ገባን፣ እሷ ገመዱ ጋ ቀረች።

ሮቦቷ ሁለተኛውን ኩርባ ስታልፍ ሽቦዋ ሲላቀቅ አየሁ። እሱ በወዲያ በኩል ስለቆመ አልታየውም። «ይቁም» ማለት ሲገባኝ ወደ ገመዱ ዞርሁና «ሽቦው ወልቋል በዪው!» አልሁ። ምን ዓይነት ቂልነት ነው! እሷም ለምዶባት «ሽቦው!» ብላ ጮኸች፤ ነጥብ ተቀነሰ። እሱ ደንግጦ ሮቦቷን አፈፍ አደረጋት፤ ደግሞ ተቀነሰ። በዚያው ተሸነፍን።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መሃላችን ተቀመጠች። ሲሪንቃ ስንደርስ ልጁ ቀስ ብሎ «ጥፋቱ የኔም ነው በዪው» አላት።

«ራስህ ንገረው። እኔ ደክሞኛል» አለችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

መርሳ ሳንደርስ እኔና እሱ ታረቅን፤ እስከ ዛሬም ወዳጄ ነው። እሷ ግን ትምህርት እስኪዘጋ ከሰላምታ ሌላ ቃል አልተነፈሰችልንም። በዓመቱም ወደ ትምህርት ቤቱ አልተመለሰችም። ሳትሄድ በፊት ይቅርታ ልንላት ስንት ቀን ደጇ ደርሰን ተመልሰናል፤ መሃል ገብቶ የሚነግርልን ሰው አጣን።