ስም የማይጠራበት ቢሮ

አጎቴ ዱላውን ይዞ ቢሯችን የገባ ዕለት ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ከአንድ ጋራዥ በላይ ባለች ክፍል አራት ሆነን እንሠራ ነበር። ፕሮግራም መጻፍን ከስልክ ቪዲዮ የለቃቀምኩት እኔ ነበርኩ አለቃቸው። ሙዝ የሚጭነው መኪና ከከተማ ሲነሳ ለሙዝ ገበሬዎች «ቁረጡ» የሚል መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ሠርተናል። ሕግም አውጥቼ ነበር፦ ነገር ሲበላሽ የአጥፊው ስም አይጠራም፣ ጥፋቱ የሁላችን ነው። እናንተዬ፣ እንዴት እኮራበት ነበር!

በዚያ ሳምንት መኪናው ሳይነሳ መልእክቱ ሄደ። አጎቴ የሚኖርበት የላንቴ መንደር ሰው ሙዙን ቆረጠ። የአጎቴ ሙዝ መንገድ ዳር እንደተቆለለ ሁለት ቀን በፀሐይ ተቃጥሎ ጠቆረ።

አጎቴ ሰላም እንኳ አላለም። ፊት ለፊት ያገኘውን ስክሪን በዱላው አደቀቀው፤ ስብርባሪው እግሬ ሥር ተበተነ።

«ማነው የላከው?»

«ጋሼ፣ እስቲ ይቀመጡ። እኛ ዘንድ ስም አይጠራም፤ ሁላችንም ነን።»

«እባብ ሲነድፈኝ ጫካው ነደፈኝ ልበል? ስም ጥሪ!»

በሩ አጠገብ የሚቀመጠው ባልደረባዬ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ሲደነግጥ ፈገግ ይላል። ምን ያድርግ፣ ፊቱ ነው።

«ይስቃል እንዴ! ይኸው፣ እሱ ነው!»

እሱ አልነበረም። የመኪናውን መነሳት የሚያጣራውን የፕሮግራሙን መስመር፣ ሥራው ይፍጠን ብዬ ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሕጌን ታቅፌ ዝም አልኩ።

ዱላው ወረደ። ባልደረባዬ ራሱን በክንዱ ጋርዶ ነበር፤ አጥንቱ ቋ ሲል ሁላችንም ሰማን። ሁለተኛው ምት ጆሮውን ቀደደው፣ ደሙ ኪቦርዱ ላይ ተንጠባጠበ። ለሦስተኛው ሲያነሳ ነው የጮኽኩት።

«እኔ ነኝ! ጋሼ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ!»

ዱላው አየር ላይ ቀረ። አጎቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ይህን ሁሉ ቆመሽ እያየሽ?»

በጥፊ መታኝ፤ ከግድግዳው ጋር ተላተምኩ፣ አፌ ደም ሞላ።

ባልደረባዬ ክንዱ በጀሶ ታስሮ ሥራ ሲጀምር፣ አጎቴ ጠዋት ጠዋት ከላንቴ በባጃጅ እየመጣ ከቤቱ ወስዶ ቢሮ ያደርሰው፣ ከሥራ በኋላም ይመልሰው ነበር። ጀሶው እስኪፈታ አንድ ቀን አልቀረም። እኔን ሰላም ያለኝ ጀሶው ከተፈታ በኋላ ነው።