የከድጁ ፖም ከነልጣጩ

«ማሻ ላይ ደመና፣ ጌጫ ላይ ጭጋጉ፣
ልቤን ወሰዱብኝ…»

እዚህ ላይ ይጠፋታል። እነማን እንደወሰዱባት አታስታውስም። ከድጁ የቀረውን እምም እያለች ትሞላዋለች። ሙሽራ ሆና ከጅማ በኩል ወደ ማሻ ስትመጣ፣ መኪናው ላይ አብረዋት የነበሩት ሴቶች ሲዘፍኑት የሰማችው ነው። ያን ጊዜም ይዘንብ ነበር፤ ማሻ መቼ ዝናብ አጥቶ ያውቃል?

አሁን ጓሮዋ ውስጥ ፖም እየለቀመች ነው የምታንጎራጉረው። ዛፏን የተከላት ባሏ ሀምዳን ነው። ሀምዳን ልብስ ሰፊ ነው፤ ከመርፌና ከክር ሌላ የሚያውቀው የለም። ግን ፖም ለስኳር በሽተኛ ደግ ነው ሲባል ሰምቶ፣ ከጨንቻ ከመጣው ችግኝ አንዷን ለምኖ፣ እጁ እስኪላጥ ቆፍሮ ተከላት። የስኳር በሽተኛዋ ከድጁ ናትና።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ንጋቷ፣ «እትዬ ከድጁ፣ ስኳሩ በኪኒን ብቻ ካልወረደ መርፌ እንጀምራለን» ካለቻት ወዲህ ሰላም የላትም። እናቷ በዚሁ በሽታ መርፌ ጀምራ ብዙ አልቆየችም። ስለዚህ መርፌው ለከድጁ የመቃብር ደጃፍ ነው።

ፖሙን እንግዲህ መድኃኒት ብላ ያዘችው። በእናቷ ቤት ደግሞ ለታመመና ለአራስ የሚሰጥ ነገር ሁሉ ይጠለላል፤ ገለባ ያለው አጥሚት ለበሽተኛ ማቅረብ ነውር ነው። ፖሙን ትልጠዋለች፣ ትፈቀፍቀዋለች፣ በንጹህ ሻሽ ጨምቃ ውሃውን ብቻ ብርጭቆ ሙሉ ትጠጣለች። ልጣጩና ጭማቂው የወጣለት ሥጋ ጓሮ ለታሰረችው በግ ነው።

«በጊቱ አማረባት፤ አንቺ ግን ከስተሻል» ይላታል ሀምዳን ከስፌት መኪናው ሳይነሳ። «ታካሚዋ የትኛዋ ናት?»

«ዝም ብለህ ስፋ።»

በቀጠሮዋ ቀን ግን ስኳሩ ጨምሮ ተገኘ። ንጋቷ የምትበላውን ስትጠይቃት፣ ከድጁ የፖሙን ነገር አንድም ሳታስቀር፣ ኮራ ብላ አወራቻት። ነርሷ ከንፈሯን ነከሰች።

«እትዬ፣ ፈረሱን ለራስዎ አስቀርተው ልጓሙን ለበግ ሰጡት።»

«እንዴት ልጄ?»

«ፖም ውስጥ ያለው ካርቦሃይድሬት አብዛኛው ጣፋጩ ነው፣ ስኳሩ። ልጣጩና ሥጋው ደግሞ አሰር አለው፣ ፋይበር የሚሉት። ከአሰሩ ከፊሉ ሆድ ውስጥ እንደ ተልባ ይዝለገለግና ስኳሩን ቀስ አድርጎ ወደ ደም ያስገባዋል። ኮሌስትሮል ለመቀነስም ያግዛል። የቀረው ሆድ ድርቀት ይከላከላል፤ ያጠግባልም። ሲጠልሉት ስኳሩ ያለ ከልካይ ይጋልባል። ለአንዱ ብርጭቆ ደግሞ ስንት ፖም እንደሚጨምቁ ያስቡት።»

ከድጁ አንገቷን ደፋች። «እንግዲያ ልተወው?»

«አይተዉት። አንድ ትንሽ ፖም፣ ታጥቦ፣ ከነልጣጩ፣ እያኘኩ። ኪኒንዎንም እንዳያቋርጡ፤ ፖም ምግብ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። ምግብ ደግሞ በሰዓቱ፣ ተቀምጠው ነው። እርስዎ መቼ ነው ተቀምጠው የሚበሉት?»

ለባሏ ታቀርባለች፣ ለመጣው ሁሉ ታቀርባለች፤ እሷ ምድጃው ዳር ቆማ፣ ከድስቱ ጫፍ ቀምሳ፣ ያው ምሳዋ እሱ ነው።

ቤቷ ገብታ የንጋቷን ምክር ለሀምዳን ነገረችው፤ ጭመቃውንም ተወች። ልጣጩ መጀመሪያ ምላሷ ላይ ባዕድ ሆነባት፤ ቆይቶ እሱን እሱን አሰኛት። መቆሟን ግን አልተወችም፤ የእድሜ ልክ ልማድ በአንድ ምክር አይፈታም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ንጋቷ ውጤቱን አይታ ፈገግ አለች። «ወርዷል። መርፌውን ለጊዜው እናቆየው። ደግሞ አንድ ቀን ቢያስፈልግም አይፍሩት፤ ለመኖር ነው የሚሰጠው።»

ከድጁ በጭቃው መንገድ እየተንሸራተተች ቤቷ ስትደርስ ሀምዳን ፊቷን አየ። የስፌት መኪናውን ትቶ ተነሳ። የራሱን ወንበር ወደ ገበታው አስጠጋላት።

«ላቅርብልህ» አለች፣ ሻርፗን ሳታወልቅ ወደ ጓዳ እየተራመደች።

«ቀርቧል። ወጡ ትንሽ አርሮብኛል፤ እንዳትስቂ።»

ሳቀች። እርጥብ ጫማዋን አወለቀች፣ እጇን ታጠበች፤ ባሏ ቆሞ እያየ፣ ከድጁ ቢስሚላህ ብላ ለመብላት ተቀመጠች።